የሃያ ሁለት ሴቶች ማኅተም

ኢቾን፣ ማርች 9

ውድ ጂንጉ፣

ስለ ጤንነትህ ሳልጠይቅ ወደ ነገሩ መግባቴን እንደ ብልግና አትቁጠርብኝ። ሰላምታ ካበዛሁ ዋናውን ሳልናገር ወረቀቱ እንደሚያልቅብኝ ራሴን አውቀዋለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ሥራህን «አይሆንም» ያሉት የሦስተኛው ፈረቃ እህቶች አይደሉም። እኔ ነኝ። የሃያ ሁለቱን ማኅተም አንድ በአንድ እያነሳሁ፣ በሃያ ሁለቱ የውክልና ወረቀት ላይ «እቃወማለሁ» በሚለው በኩል የመታሁት እኔ ነኝ። የራሴ ሲጨመር ሃያ ሦስት። እነሱ እስካለፈው ወር ድረስ ይህን አያውቁም ነበር።

ከፈለግክ ወረቀቱን ቀደህ ጣለው። ካልጣልከው ግን እስከ መጨረሻው አንብበው፤ የምጠይቅህ ነገር አለኝ።

ማኅተሞቹ እኔ ዘንድ እንዴት እንደተሰበሰቡ ታውቃለህ፣ ስትስቅብን ኖረሃልና። ጡረታ ስንወጣ በየጸደዩ ሽርሽር የምንሄድበት እቁብ ጀመርን። ለባንኩም ለአውቶቡሱም በፊርማ ፋንታ የየራሳችን ማኅተም በተጠየቀ ቁጥር ሃያ ሦስት ሴት ከየቤቷ መጥራት አስቸገረ። ስለዚህ ሁሉም ዋናውን፣ በወረዳው የተመዘገበውን ማኅተሟን ቤቷ አስቀምጣ ርካሹን የእንጨት ማኅተም እኔ ጋ አመጣች፤ እኔም ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኳቸው። በሥራ ዘመናችን አክሲዮን ከያዝንበት ከቺፕ ኩባንያውም የባለአክሲዮን ወረቀት ሲመጣ ፖስታውን ሳይከፍቱ ያመጡልኛል። «አንቺው ምቺልን» ነው ቃላቸው። ዘጠኝ ዓመት መታሁላቸው፤ በዘጠኙም ዓመት ያሉኝን እንጂ ሌላ አልመታሁም። በአሥረኛው ነው የሳትኩት።

አንተ ሦስተኛው ፈረቃ ወደምንሠራበት የቺፕ መፈተሻ ክፍል ስትመጣ ሠላሳ ዓመት ሞልቶህ ነበር። ዶክተር ናቸው ተብሎ ተነግሮን ተጠንቅቀን ስንጠብቅ፣ አቧራ በማይገባበት ንጹሕ ክፍል የሚደረገውን ቆብ የፊቱን ወደ ኋላ አዙረህ አድርገህ ብቅ አልክ። ከመካከላችን ቦክናም ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጣች። እኔ ነኝ ቆቡን ያዞርኩልህ፤ አንተም እንደ ተማሪ አንገትህን ሰጥተኸኝ ቆምክ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እትዬ» ስትለኝ ኖርክ።

እኛ እስከዚያ ድረስ የምናውቀው ሚሞሪ አንድ ዓይነት ነበር። ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ያስታውሳል፣ ሲቋረጥ ሁሉንም ይረሳል። ኤሌክትሪክ እያለም በየቅጽበቱ ካልቀሰቀሱት ይዘነጋል። የአንተው ግን ኤሌክትሪኩን ብንነቅለውም አይረሳም አልከን። የእኛ ድርሻ ይህንን ማየት ነበር፤ ቺፑ ላይ እንጽፋለን፣ ሙቀቱ ያስረሳው እንደሆነ ለማየት ምድጃ ውስጥ ለቀናት እናስቀምጠዋለን፣ አውጥተን እናነባለን። የጻፍነው ከተነበበ አለፈ፣ ካልተነበበ ወደቀ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚወድቀው ነበር የሚበዛው። ሌሎቹ መሐንዲሶች ውጤታቸውን በኮምፒውተር ሲጠብቁ አንተ ምድጃው አጠገብ ከእኛ ጋር ቆመህ ትጠብቅ ነበር። በምሳ ሰዓትም ትሪህን ይዘህ ወደ እኛ ጠረጴዛ ትመጣለህ። ልጅህ ስትወለድ ለሚስትህ የአራስ ሾርባ በተራ እየሠራን ያመላለስነው ለአለቃ ለመለማመጥ ብለን አልነበረም። እንደ ታናሽ ወንድማችን ስለምንወድህ ነው። ይህን ያኔ በአፌ ብዬህ አላውቅም።

አንድ ጸባይ ነበረህ። አንድ ዙር ቺፕ በሙሉ ሲወድቅ፣ ከመናገርህ በፊት የግራ ጆሮህን ትስባለህ። ሃያ ሦስታችንም እናውቃለን፤ የማታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ይህን ጸባይህን የጻፍኩልህ ለጨዋታ እንዳይመስልህ።

እኛ ጡረታ ከወጣን በኋላ ሥራህ ከምድጃው ክፍል አልፎ የባለአክሲዮኖች ወሬ ሆነ። ኩባንያው ለአዲሱ ሚሞሪ የራሱ ማምረቻ ይሥራለት ወይስ ይቅር የሚለው ነገር ለጉባኤ ሊቀርብ ነው ሲባል፣ ከዚያ በፊት በሬን አንኳኩቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ያንኳኳ ጀመር። መጀመሪያ የመጣው የኩባንያውን ብዙ አክሲዮን ከያዘው ትልቅ የኢንቨስትመንት ፈንድ የተላከው አቶ ጊል ነው። የሰሊጥ ዘይት በስጦታ ካርቶን ተሸክሞ፣ ጫማውን በሥርዓት አውልቆ ገብቶ፣ «እናቴ» ብሎ ጀመረኝ። እናቱ አለመሆኔን ልነግረው ፈልጌ ዘይቱን አይቼ ተውኩት።

«እናቴ፣ ያለን ሚሞሪ እንደ ጉድ እየተሸጠ ነው» አለ። «ገበያው ደርቶልን ሳለ ማንም ባልጠየቀን ዕቃ ለምን እንማገዳለን? ዶክተር ፒዮ ጂንጉ ጎበዝ ናቸው፤ ግን ገዢ አላመጡም።»

በሳምንቱ የጉንዳኖቹ ተወካይ መጣች። ጉንዳን ያልኩት እነዚያ ትንንሾቹ ባለአክሲዮኖች ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም ነው፤ ሴትዮዋ ገበያው አጠገብ ፀጉር ቤት አላት። ባዶ እጇን መጣች፣ ሳትቀመጥ ለአንድ ሰዓት ተናገረች። የመረጃ ማዕከሎቹ የሚበሉት ኤሌክትሪክ ከተማ ሊያስጨልም ምንም አልቀረውም፣ የጂንጉ ሚሞሪ ደግሞ ሲያስታውስ ምንም አይበላም፣ ዛሬ ያልጀመረ ኩባንያ ነገ ለሌሎች ዕቃ አሻጊ ሆኖ ይቀራል አለች። እውነቷን ነበር። አቶ ጊልም እውነቱን ነበር። ሰርቨር ሠሪዎቹ «ሁለት ኩባንያ ሲያመርተው እንገዛለን» ይላሉ፤ ኩባንያዎቹ ደግሞ «ገዢ ሲፈርም እናመርታለን» ይላሉ። ሁሉም በር ላይ ቆሞ «ቅደም፣ አንተ ቅደም» ይባባላል፣ የሚገባ ግን የለም።

ከዚያ አንተ ራስህ መጣህ። ቀዝቃዛ ኑድል ጋበዝከኝ፤ ወሩ ገና ብርድ ነበር፣ ግን እንደምወደው ታውቃለህ። ስለ ማምረቻው፣ ሥራው ስለሚፈጀው ሁለት ዓመት፣ ስለ ወጣቶቹ መሐንዲሶች ነገርከኝ። ሁሉንም ሰምቼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁህ።

«ምድጃውስ?»

«ተስተካክሏል እትዬ» አልክ። ጆሮህንም ሳብክ።

ጂንጉ፣ ያኔ የተሰማኝ ንዴት ይሁን ፍርሃት እስካሁን አልለየሁትም። ሃያ አንድ ዓመት የወደቀውን ወደቀ ብለህ ነግረኸኛል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሸኸኝ ብዬ አሰብኩ። «ጆሮህን ሳብክ እኮ» ብዬ እዚያው ብልህ ኖሮ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። ከዋሸህ ትቀላለህ፤ ካልዋሸህ ትስቃለህ። እኔ ግን ኑድሌን ጨርሼ፣ አመስግኜ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ የእህቶቹ ወርኃዊ ምሳ ነበር። የሁለቱንም ወገን ሐሳብ አቀረብኩላቸው። የምድጃውን ነገር ግን አላነሳሁም፤ የሰው ገመና መስሎኝ ነው። ቦክናም ምግቧን ሳትውጥ «የጂንጉን እሺ በይልን፤ ይህ ምን ጥያቄ አለው» አለች። ሱንዶክ፣ ያቺ ጉልበቷን የሚያማት፣ «ያ ልጅ ምድጃው ጋ ቆሞ ስንት ክረምት አብሮን ላበ» አለች። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የተቃወመ የለም። ወረቀታቸውን አቀበሉኝና ስለ ሽርሽሩ ማውራት ጀመሩ።

እኔ ቤቴ ገብቼ ወረቀቶቹን ወለሉ ላይ ደረደርኩ። ቦክናም ባሏ ከሞተ በኋላ ከዚያ አክሲዮን ሌላ መጠጊያ እንደሌላት አውቃለሁ። ምድጃ ያላለፈ ዕቃ ማምረቻ ተሠርቶለት ቢወድቅ ምን እንደሚሆኑ አሰብኩ። እነሱ ስለሚወዱህ አያዩም፣ እኔ ግን አይቻለሁ አልኩ። ሰው ራሱን ሲያታልል ቃላቱ ያማሩ ናቸው፤ «ለእነሱ ብዬ ነው» አልኩ። ቆርቆሮውን ከፍቼ መምታት ጀመርኩ። አንዱንም ሳልዘል ሃያ ሁለቱን ጨረስኩ። ይህንን የምነግርህ ከእኔ ጋር ስትነጋገር ማንን እያናገርክ እንደሆነ እንድታውቅ ነው።

በጉባኤው ቀን ከእህቶቹ መካከል አዳራሽ የገባሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን የተራራ መውጫ ልብስ ለብሰው የመጡትን ሽማግሌ ታስታውሳቸዋለህ? ማይክሮፎኑን ነጥቀው «ዶክተር፣ ይህ የእርስዎ ሚሞሪ አይረሳም ይባላል፤ የእኔ ሚስትም አትረሳም፣ ግን ማንም አልገዛትም» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አንተም ሳቅህ መጣ። ከዚያ የመለስክላቸው መልስ ጥሩ ነበር፤ ጉንዳኖቹ ቆመው አጨበጨቡ። ድምፁ ሲቆጠር ግን በጥቂቱ ተሸነፍክ። አቶ ጊል መጥቶ እስከ ወገቡ ጎንበስ አለልኝና «የሦስተኛው ፈረቃ እናቶች ማስተዋል አድኖናል» አለ። ሁለት እርምጃ ራቅ ብለህ ቆመህ ነበር። ሰማኸው።

በሩ ላይ አገኘኸኝ። ፊትህ ላይ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«እትዬ፣ እነሱም?» አልክ።

«ምሳ በልተሃል?» አልኩህ።

«አልራበኝም» ብለህ ሄድክ።

ከዚያች ሰዓት በላይ የሚያሳፍረኝ ነገር በሕይወቴ የለም። ወረቀቱ ላይ መምታቴ አንድ ነገር ነው፤ በሩ ላይ ግን በሦስት ቃል ማረም እችል ነበር። ወር ሳይሞላ ሥራህን ለቅቀህ ጄጁ ደሴት፣ የሚስትህ ቤተሰብ መንደሪን እርሻ ገባህ አሉ። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ «ለሦስተኛው ፈረቃ እህቶች» ተብሎ የተጻፈበት የመንደሪን ካርቶን በአድራሻዬ ይደርሳል። እኔም እያከፋፈልኩ አደርሳለሁ። እነሱ ደስ ብሏቸው ይበላሉ። እኔ አልበላሁም ብዬ አልዋሽህም፤ በላሁ፣ ጣፋጭ ነበር።

እህቶቹ ስለ አንተ ሲያነሱ «ምን ይደረግ፣ የድምፁ ብልጫ የፈንዱ ሆነ» እላለሁ። ያምኑኛል። ሱንዶክ ያለፈው መኸር ሞተች። ከመሞቷ በፊት ሆስፒታል ስጠይቃት «ጂንጉ ለምን አንድ ቀን እንኳ ብቅ አይልም? ተቀየመን እንዴ?» አለችኝ። ትራሷን አስተካከልኩላት።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ። ሌላ ኩባንያ ያንተን የመሰለ ሚሞሪ ገበያ ማውጣቱን ሰምተሃል መሰለኝ። ወዲያው አገሩ ተገለበጠ። ያው አቶ ጊል፣ አሁን ደግሞ የፒር ፍሬ በካርቶን ይዞ፣ ያው «እናቴ» እያለ መጣ። ማምረቻው ባስቸኳይ ካልተሠራ አለቀልን አለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት የነገረኝን ሳስታውሰው ዓይኑን በጨው አጥቦ «ያኔ ጊዜው አልነበረም» አለ። ፀጉር ቤት ያላት ሴትዮ ደግሞ አሁን ለመጀመር ረፍዷል፣ ተከታይ ሆነን ገንዘብ እናባክናለን ብላ ዞራለች። ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠው ያንኑ ጭቅጭቅ ቀጥለዋል።

የመጣብኝ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ነው። ከኩባንያው የሰው ኃይል ክፍል ወይዘሪት ቼ ደወለችልኝ። እንድትመለስ ለምነውህ እምቢ እንዳልክ ነገረችኝና የጻፍክላቸውን አነበበችልኝ። «ያንን ሚሞሪ በእጃቸው የፈተኑት ሰዎች አላመኑበትም። ከእነሱ በላይ የሚያውቀው የለም። ስህተቴን ተቀብያለሁ፤ አልመለስም» ብለሃል። ልጅቷ «እማማ፣ እርስዎ ቢያናግሯቸው» አለችኝ። በጉባኤ መሸነፍህን እንጂ፣ ሃያ አንድ ዓመት የሠራኸውን በራስህ አፍ ስህተት ነው እንድትል ማድረጌን አላውቅም ነበር።

እህቶቹን ምሳ ጠራኋቸው፤ ያው የሩዝ ምግብ ቤት፣ ያው ረጅም ጠረጴዛ። ሳህን ከመቅረቡ በፊት ቆርቆሮውን መሃል አስቀምጬ ነገርኳቸው። ቦክናም ነች መጀመሪያ የተናገረችው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ‹ምን ይደረግ› ስትይ የነበርሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ማኅተሜን አምጪ።»

ሰጠኋት። በናፕኪን ጠርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «አሁን ለምን እንደሆነ ንገሪን፤ እንዳታሳምሪው» አለች።

የኑድል ቤቱን፣ ጆሮህን፣ ምድጃውን፣ ፍርሃቴን ነገርኳቸው። ስጨርስ ቦክናም «ይህንን ያኔ ብትነግሪን ግማሻችን ካንቺ ጋር እንቆም ነበር» አለች። «እኛም እኮ ያንን ምድጃ እናውቀዋለን። አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው? እንደ ሕፃን ነው የቆጠርሽን።»

አለቀስኩ፤ ማንም አላባበለኝም፣ ተገቢም ነው። በመጨረሻ ከጥግ ቻንሱክ፣ ያቺ ባሏ ከሞተ ሃያ ዓመት የሞላት፣ የራሷን ማኅተም ከቆርቆሮው እየፈለገች «በዚህ ማኅተም ባልም አግብተሽልኝ ከሆነ ንገሪኝ፣ ሄጄ ልየው» አለች። አንዳንዶቹ ሳቁ። ቦክናም አልሳቀችም፤ እስከ ዛሬም ስትደውልልኝ ስለ ጉዳይ ብቻ ነው።

ሁሉም የየራሷን ወሰደች። ቆርቆሮው ውስጥ የሱንዶክ ብቻ ቀረ። ለልጇ ወሰድኩለትና ምን እንዳደረግሁበት ነገርኩት። ልጁ አክብሮ ተቀበለኝ፣ ግን ነገሩ ምን እንደሆነ በቅጡ አልገባውም፤ «ምንም አይደል» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ነበረች። ይህ ሳይመለስ የሚቀር ነው፣ አውቄዋለሁ።

ጉባኤው ማርች ሃያ ስድስት ነው። እህቶቹ ዘንድሮ ውክልና አይሰጡም፤ ሚኒባስ ተከራይተው ራሳቸው ይሄዳሉ። ሃያ አንድ ናቸው። ማንንም አላግባባሁም፤ ከእንግዲህ አፌ አይመጥንም። ሲነጋገሩ ከሰማሁት ግን አሥራ ሦስቱ ማምረቻው ይሠራ ይላሉ፣ አምስቱ ይቅር ይላሉ፣ ሦስቱ «ጂንጉን ሳንሰማ ምንም አንልም» ብለዋል። ቦክናም ከአሥራ ሦስቱ ናት። ያኔም እንደዚሁ ነበረች። ስለዚህ ለኩባንያው የጻፍከው እውነት አይደለም። በእጃቸው የፈተኑት ሰዎች አምነውብህ ነበር፤ ቃላቸውን የሰረቅኩት እኔ ነኝ። ስህተት ነበር ያልከውን ቃል እባክህ መልሰህ ውሰደው፤ የምጠይቅህ ይህን ነው።

ስለ እኔ ደግሞ እንዳትሳሳት። ይህንን ሁሉ ጽፌ ስጨርስ ሐሳቤን የቀየርኩ ሊመስልህ ይችላል። አልቀየርኩም። ሌላ ኩባንያ ስለሸጠ የእኛ ምድጃ አለፈ ማለት አይደለም፤ ያቺን ጥያቄም እስካሁን የመለሰልኝ የለም። ኑድል ቤት ዋሽተኸኝ ነበር ወይስ ጆሮህን በልቶህ ነበር፣ ዛሬም አላውቅም። ይቅርታህን እፈልጋለሁ፣ ናፍቀኸኛል፣ እንደ ወንድሜ እወድሃለሁ። ሆኖም ባላሳመንከኝ ነገር ላይ እሺ ብዬ አልክስህም፤ እንደዚያ ያለ ካሳ አንተም አትቀበለኝም።

ስለዚህ ና። አዳራሹ ውስጥ ቆሜ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ስለ ምድጃው እጠይቅሃለሁ። መልስህ ካሳመነኝ እደግፍሃለሁ፤ ካላሳመነኝ እቃወምሃለሁ። ብትመጣም ባትመጣም ግን በዚያ ቀን የምሰጠው ድምፅ አንድ ነው፣ የራሴ ብቻ።

ኦክ ማልሱን